ስልክ የደወለ ይሸነፋል

ጥቅምት 9
ከታናሽ ለታላቅ

እታለም፣

ለወጉ ያህል እንደምን ሰነበትሽ እላለሁ። ከልቤ ግን እንዳይመስልሽ። ስልኩን ጆሮዬ ላይ ከዘጋሽብኝ ጀምሮ ደሜ እንደፈላ ነው። እሺ፣ ከዚያ በፊት ሁለቴ እኔ ዘግቼብሻለሁ፤ አልክድም። እንግዲያውስ በመጨረሻ የተባባልነው ይጽና፤ ከዛሬ ጀምሮ የምንነጋገረው በደብዳቤ ነው፣ ስልክ የደወለ ይሸነፋል። ደብዳቤ ቢያንስ መሀል ላይ አይዘጋም። አንቺ ቀኑን ሙሉ መሥሪያ ቤት ተቀምጠሽ የሰው ስልክ ስታገናኚ የምትውዪ ቴሌፎኒስት፣ ከገዛ እህትሽ ጋር በወረቀት ስታወሪ የአውቶብሱ ሾፌር እንኳ ይስቅብሻል። ይሳቅ። ደብዳቤውን እስካመላለሰልን ድረስ የፈለገውን ያድርግ።

ከሥራ መውጣትሽን ለምን ደበቅሽኝ ነው ያልሽው። እንዲህ እንደምትሆኚ ስለማውቅ ነው የደበቅኩሽ። ይኸው ሆንሽ።

አሁን ከስሩ ልንገርሽ። ልጄ ዳሌዋን ቀዶ ጥገና ተደርጎላት ጄሶ ሲደረግላት የወሰድኩትን ፈቃድ ጨርሼ ስመለስ፣ መቁረጫ ክፍል ውስጥ የእኔ ጠረጴዛ ላይ ሌላ ሰው ጨርቅ ዘርግቶ ጠመኔውን እየሳበ ነው። ምርት ኃላፊው ቢሮው አስጠራኝ። ገና ስገባ ተነስቶ ወንበር ሳበልኝ። ያኔ ገባኝ፤ እዚያ ፋብሪካ ስኖር ስኖር ወንበር ስቦልኝ አያውቅም። «ሠራተኛ እየቀነስን ነው፤ አንቺን ያስቀደምንሽ ለልጅሽ ጊዜ እንዲኖርሽ አስበን ነው» አለኝ። አስበውልኝ ነው እንግዲህ። አመሰግናለሁ ብዬ ወጣሁ እኮ፣ እታለም። በር ላይ ደርሼ ነው ያልኩት ነገር ለራሴ የተሰማኝ። እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ መባረሬ ሳይሆን ማመስገኔ ነው።

አሁን ያለችኝ አለቃ አንዷ ልጄ ናት። አራት ዓመት ሳይሞላት ስሟን አስረስታ «አለቃ» የተባለችው በከንቱ አይደለም፤ ከወገቧ እስከ ቁርጭምጭሚቷ በጄሶ ታስራ፣ በጀርባዋ ተጋድማ፣ ጣቷን እየቀሰረች ታዘኛለች። ሐኪሙ ጥር ሳይወጣ አይፈታም ይላል። እንዲህ ሆና የሚቀበላት የሕፃናት መዋያ የለም፤ ጠይቄ ጨርሻለሁ። አንዷ ኃላፊ «እኛ የምንይዘው የሚሯሯጥ ልጅ ነው» አለችኝ።

ልጅቷን ላኪልኝ ላልሽው መልሴ ያው ነው። አልልክም። አባቷንም አታንሺብኝ፤ እሱ ራሱ ተነስቶ ከሄደ ቆይቷል።

ዕድሜሽን ያርዝመው፣ የምጣላው ሰው እንዳላጣ።

እህትሽ


ጥቅምት 20
ከታላቅ ለታናሽ

ለዚያች ደረቅ እህቴ፣

ወጉን ስላሟላሽ እኔም ላሟላ፤ ደህና ነኝ። አለቃን ግንባሯን ሳሚልኝ። አንቺን አልስምሽም።

ማን ነገረብኝ ብለሽ በሾፌሩ በኩል ማስጠየቅሽ አስቆኛል፤ የነገረብሽ ራሱ ሾፌሩ ነው። በጠራራ ፀሐይ ደጃፍሽ ላይ ተቀምጠሽ አይቶሽ፣ «ፋብሪካው ተዘጋ እንዴ?» ብሎ ጠየቀኝ። የእህቴን ከሥራ መውጣት የሰማሁት ከአውቶብስ ሾፌር ነው። ሰው ፊት ምን ብዬ እንደመለስኩ ታውቂያለሽ? «አዎ፣ አውቃለሁ» አልኩ። ለአንቺ ብዬ ዋሸሁ፤ ይኼንንም መዝግቢልኝ።

ያን ኃላፊያችሁን ባገኘው እኔም ወንበር እስብለት ነበር፤ ሊቀመጥ ሲል።

ግን አንድ ነገር ንገሪኝ፤ ሥራ የምትፈልጊው በየትኛው ጎንሽ ነው? ልጅቷን በሁለት እጅሽ ታቅፈሽ በር የሚያንኳኳ እጅ ከየት ታመጫለሽ? እኔ ዘንድ ሁለት ክፍል አለ፣ አንዱ ባዶውን ነው ያለው። ጄሶው እስኪፈታ ልያዛት። የምወስድብሽ መሰለሽ? እናታችን ስትሞት አንቺም ልክ የአለቃ እኩያ ነበርሽ፤ እኔ አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ውለታ አልቆጥርም ብዬ ምዬ ነበር፤ ይኸው አናደድሽኝና ቆጠርኩ።

ነውር የለውም በይና ላኪያት። ግትርነትሽ ልጅ አያበላም።

አንቺን አሳዳጊሽ


ኅዳር 6
ከታናሽ ለታላቅ

እታለም፣

ሰላምታውን ዝለይው፤ ዛሬ ሰላም የለኝም።

ሥራ አገኘሽ ወይ ብለሽ ልከሽብኛል። አገኘሁ፣ አጣሁ፤ ደግሞ አገኘሁ፣ ደግሞ አጣሁ። አንድ የመድን ድርጅት ከቤት ሆኖ የደንበኛ ስልክ የሚመልስ ሰው ይፈልጋል ተባለ። «ሰዓትሽን ራስሽ ትመርጫለሽ፣ ልጅ ላላት እናት የተመቸ ነው» አሉኝ። ደስ ብሎኝ ልሞት። በመጀመሪያው ቀን አንድ ሰውዬ መኪናው እንዴት እንደተገጨ በዝርዝር ሲነግረኝ፣ አለቃ ከአልጋዋ ላይ ጉሮሮዋ እስኪሰነጠቅ «ውሸትህን ነው በይው» ብላ ጮኸች። በጨዋታ ነው፤ ከአሻንጉሊቷ ጋር እያወራች ነበር። ሰውዬው ግን የድርጅቱ አቋም መሰለው። ቅሬታ አስገባ፣ እኔም በማግስቱ ወጣሁ። «ቤትሽ ጸጥታ የለውም» አሉኝ። ልጅ ላላት እናት የተመቸ ያሉት ልጁ ሌላ ቦታ ላለላት እናት ነው ለካ።

ከዚያ አንድ ደላላ መጣ። የፋብሪካ ሸሚዝ በጆንያ እያመጣ ቁልፍ የሚተክልለት ይፈልጋል። «በተመቸሽ ሰዓት ሥሪው» ይላል። የተመቸኝ ሰዓት ማለት እሱ ጆንያውን ጥሎ ከወጣበት ቅጽበት አንስቶ ተመልሶ በሩን እስኪደበድብ ያለው ነው። እኔ፣ በአንድ የመቁረጫ መኪና መቶ ድርብ ጨርቅ እንደ ወረቀት ስቆርጥ የነበርኩት ሴት፣ ቁልፍ ተካይ ሆንኩ። እሺ፣ ጥርሴን ነክሼ ያዝኩት።

አለቃ ተጋድማ እጇ ሥራ ፈቶ ስለተሰላቸች፣ ቁልፎቹን እንድትለይልኝ አንድ ሳህን ሰጠኋት። በየሸሚዙ ልክ ለየችልኝ። በጣም አጨበጨብኩላት። የለየችው ግን በመጠናቸው ወይ በቀለማቸው አልነበረም፤ አንድ ላይ መሆን የሚፈልጉትን ነው አንድ ላይ ያደረገቻቸው። ትልቁ እናት፣ ትንሹ ልጅ፣ የተሰነጠቀው አያት። እኔ ደግሞ ሳላይ፣ እየተጣደፍኩ፣ እያንዳንዱን ቤተሰብ በየሸሚዙ ላይ ተከልኩት። ጆንያውን በሙሉ። ደላላው ሸሚዞቹን አንድ በአንድ ፊቴ ላይ ወረወራቸው፤ የሠራሁትንም ሳይከፍለኝ ሄደ።

ያኔ ጮህኩባት። እታለም፣ መሸሽ በማትችል ልጅ ላይ መጮህ ምን እንደሚመስል ልንገርሽ። ዓይኗን ጨፈነች። ሌላ የምትሄድበት የላትም። ጨፍና ቆየች፣ ቆየችና «ጨረስሽ?» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ ማንን እንደምጠላ አላውቅም፤ ኃላፊውን ይሁን፣ ደላላውን ይሁን፣ ራሴን ይሁን፣ «በተመቸሽ ሰዓት» የሚለውን ቃል ይሁን።

ወሬ አለ። ፋብሪካው ትልቅ ትዕዛዝ አግኝቶ የቀነሳቸውን ቆራጮች ሊመልስ ነው ይባላል። ኃላፊው የት እንደምኖር ጠይቋል አሉ። ከጠራኝ ምን እንደምለው አላውቅም።

ልጅቷን አሁንም አልልክም። ስለጮህኩባት ብለሽ ደግሞ እንዳትነሺብኝ።

እህትሽ


ኅዳር 19
ከታላቅ ለታናሽ

ለእህቴ፣

ደህና ነኝ፤ ስለ ደህንነቴ ደግሞ ሁለተኛ ሰው አትላኪ። በሥራ ሰዓት ቤቷ ምን ትሠራለች ብለሽ ማስጠየቅሽ ደርሶኛል። ያ ሾፌር ዓይኑን ከሰው መስኮት ይልቅ መንገዱ ላይ ቢያደርግ ለተሳፋሪውም ይበጅ ነበር። ፈቃድ ላይ ነኝ። ሰው ፈቃድ አይወጣም? ግድግዳ ቀለም እያስቀባሁ ነው። የትኛውን ክፍል እንደሆነ አትጠይቂኝ፤ ቤቱ የእኔ ነው።

ቁልፎቹን ሳነብ ሳቅኩ፣ ከዚያ ቀጥሎ ያለውን ሳነብ ግን ደብዳቤውን አጥፌ አስቀመጥኩት። እኔም ጮኼብሽ አውቃለሁ። አንቺ ግን እግር ነበረሽ፤ ጎረቤት ገብተሽ በር ትዘጊብኝ ነበር።

እስቲ ዝም ብዬ ለማወቅ ያህል፤ ጄሶው ምን ያህል ይከብዳል? ስታገላብጫት እጅሽን የት ነው የምታደርጊው? ዝቅ ያለ አልጋ ይሻላል ወይስ ከፍ ያለ? እንዲያው ጠየቅኩ እንጂ ሌላ ነገር የለውም።

ፋብሪካው ከጠራሽ እሺ በዪ። ሙያሽ ነው፣ እንደ አንቺ የሚቆርጥ የላቸውም፣ ያውቁታል። ሌላውን ለእኔ ተዪልኝ። ለምን እንዴት አትበዪ፤ አንድ ጊዜ እንኳ የተባልሽውን አድርጊ።

ታላቅሽ


ታኅሣሥ 2
ከታናሽ ለታላቅ

እታለም፣

እንደምን አለሽ? ዛሬ ከልቤ ነው የምጠይቅሽ፣ ምክንያቱም ከታች የምለምንሽ ነገር አለ። ለምኜሽ ስለማላውቅ አጻጻፉ ቢጣመምብኝ እለፊልኝ።

ኃላፊው ጠራኝ። አለቃን የሚይዝልኝ ስላጣሁ ከጎረቤት የዕቃ ጋሪ ተውሼ፣ ፍራሽ አንጥፌ፣ እሷን አጋድሜ እየገፋሁ ሄድኩ። ዘበኛው ልጅ አይገባም አለ። «ይኼ ልጅ አይደለም፣ ጄሶ ነው» ብዬው አለፍኩ። ኃላፊው ጋሪው ቢሮው ውስጥ ሲገባ ክው አለ። አለቃ ከታች ወደ ላይ አየችውና ጣቷን ቀስራ «ያስቆጣሽ ይሄ ነው?» አለችኝ። አዎ አልኳት።

ሥራው ያው የድሮ ሥራዬ ነው፤ ጠዋት ገብቶ ማታ መውጣት፣ ፈቃድ የለም፣ ትዕዛዙ እስኪያልቅ ቀሪ መሆን የለም። «ልጅሽን የሚይዝ ሰው አለሽ አይደል?» አለኝ፤ ልጅቷ እግሩ ሥር ተጋድማለች እኮ። እሺ ልል አፌን ከፍቼ ነበር። አንቺንም አስቤ ነበር፣ «እሺ በዪ» ያልሽኝን። ከዚያ ያ ወንበር ስቦ ያለኝ ነገር ትዝ አለኝና፣ «ለልጄ ብላችሁ ያሰባችሁልኝ ጊዜ ገና አላለቀም። ሲያልቅ አስጠራሃለሁ» ብዬው ጋሪዬን ገፍቼ ወጣሁ። ደስ አለኝ። እውነቴን ነው፣ እስከ መንገዱ መታጠፊያ ድረስ ደስ አለኝ። በስንት ወራቴ ሳቅሁ። አለቃም ምን እንደሆነ ሳታውቅ አብራኝ ሳቀች።

ያንን ሁሉ አፌን ሞልቼ የተናገርኩት ግን በአንቺ ተማምኜ ነው። እውነቱ ይኼ ነው። እታለም ደሞዝ አላት፣ እታለም የማይነቃነቅ ወንበር ላይ ነው የተቀመጠችው ብዬ ነው የልብ ልብ የተሰማኝ። ስለዚህ ጄሶው እስኪፈታ ድረስ ከደሞዝሽ እየቀነስሽ ላኪልኝ። የቤት ኪራዩን ብቻ። እመልስልሻለሁ። ልጄን አልሰጥሽም እያልኩ ገንዘብሽን ስጪኝ ማለቴ ዓይንን በጨው መታጠብ እንደሆነ አውቃለሁ፤ ታጥቤ ነው የምጽፍልሽ።

አክባሪሽ (ለዛሬ ብቻ)


ታኅሣሥ 11
ከታላቅ ለታናሽ

አንቺ ልጅ፣

የምን ደሞዝ?

ደብዳቤሽን አውቶብስ ተራ ቆሜ ነበር የከፈትኩት፣ ቁጭ ብዬ ጨረስኩት። ሾፌሩ ደንግጦ ውኃ ገዝቶ አመጣልኝ፤ ሰው የሞተብኝ መስሎት።

ደሞዝ የለኝም። ፈቃድ ላይም አይደለሁም። ፋብሪካው ሊጠራኝ ነው ብለሽ የጻፍሽው በደረሰኝ ማግስት መልቀቂያ አስገባሁ። አንቺ ሥራሽ ትመለሻለሽ፣ እኔ አለቃን እይዛለሁ፣ ከደሞዝሽ እየቆነጠርሽ ትልኪልናለሽ፤ ሁሉንም አስልቼ፣ ግድግዳውን ቀለም አስቀብቼ፣ አልጋ አሠርቼ ጨርሻለሁ። ጡረታ ለመውጣት ሁለት ዓመት ነበር የቀረኝ። አውቃለሁ። የክፍል ኃላፊዬ «አብደሻል» ብላ ፊት ለፊት ነግራኛለች፤ አልተሳሳተችም። እስኪያልቅ ብጠብቅ ልጅቷ ጄሶዋን ፈትታ፣ ሮጣ፣ ትምህርት ቤት ገብታ ነበር።

እና አንቺ ጋሪሽን እየገፋሽ ሄደሽ ሰውዬውን ሰደብሽልኝ። ጎበዝ። ደስ ብሎሽ እስከ መንገዱ መታጠፊያ ሄድሽ። አንዴ ብትደውዪልኝ ምን ነበረበት? «ጠርተውኛል፣ ምን ልበል?» ብትዪኝ? እሺ፣ እኔስ፣ «ልለቅ ነው፣ ምን ይመስልሻል?» ብዬ አንዴ ብደውል? የአገሩን ሰው ሁሉ ስልክ ሳገናኝ ጸጉሬ ሸብቶ፣ አንቺ ላይ መሸነፍን አሻፈረኝ ብዬ የራሴን ሳልደውል ቀረሁ። ሁለት ደደቦች። እናታችን ብታየን ሁለታችንንም በአንድ ልምጭ ነበር የምትገርፈን።

አሁን ደግሞ ለእኔ ብለሽ ሥራሽን ለቀቅሽ እያልሽ እንዳታለቅሺብኝ። ከዚህ በታች ያለውን የምጽፈው ስለተናደድኩ ነው፤ ሲበርድልኝ ስለማልጽፈው አሁን ይውጣ። አንቺን ሳሳድግ ጠዋት ተኝተሽ ትቼሽ እወጣ ነበር፣ ማታ ስመለስ ተኝተሽ አገኝሻለሁ። የመጀመሪያ ጥርስሽ ሲነቀል ያየችው ጎረቤታችን ናት። ማንበብ መቻልሽን የነገረችኝ ያቺው ጎረቤት ናት። አሳዳጊሽ እያልኩ እፈርማለሁ እንጂ፣ ያንቺን ልጅነት እኔ በወሬ ነው የሰማሁት። ታዲያ አሁን አንዲት ልጅ አጠገብ ቁጭ ብዬ መዋል አማረኝ። ስትነቃ እዚያው መሆን አማረኝ። ለአንቺ ብዬ አይደለም፣ ለራሴ ነው። አሁን እንደፈለግሽ ተናደጂ።

እህትሽ


ታኅሣሥ 19
ከታናሽ ለታላቅ

እታለም፣

ተናደድኩ። እንደፈለግሽ ብለሽ ፈቅደሽልኝ የለ፣ ሳልቀንስ ተናደድኩ። ማን ጠየቀሽ? ማን ነው ያንን ሁሉ ዓመት የተቀመጥሽበትን ወንበር ለእኔ ወሬ ብለሽ ጣዪው ያለሽ? ጡረታሽን የበላሁብሽ ያህል ነው የሚሰማኝ፤ ቁጭ ስል ይሰማኛል፣ ስነሳ ይሰማኛል። ሰዎቹ ይመልሱሽ እንደሆነ ጠይቂ ልልሽ ወረቀት አንስቼ ነበር፤ ሾፌሩ ጠይቀሽ እንደነበርና ቦታሽ ሌላ ሰው እንደገባበት ነገረኝ። ሄደሽ ስትለምኛቸው አሰብኩና ሳህን ሰበርኩ። አለቃ «እሱ ደግሞ ምን አደረገ?» አለችኝ፣ ሳህኑን።

እኔም ፋብሪካው ሄጄ ነበር። አዎ፣ ኩራቴን ውጬ፣ ጋሪዬን ገፍቼ። ኃላፊው ዛሬ ወንበር አልሳበልኝም። ከበሩ ላይ «ሞልቷል» ብሎ መለሰኝ። ስለዚህ እኩል ነን፤ አንቺም እኔም ደጅ ላይ ነን።

አሁን የምነግርሽን አርፈሽ ስሚ። ከቤቴ ፊት ለፊት የአንድ ልብስ ሰፊ ሱቅ አለ፤ ሽማግሌ ነው፣ ዓይኑ እየደከመበት መርፌ ማስገባት አቅቶታል። ዚፕ የሚቀይር፣ ሱሪ የሚያሳጥር፣ ደንበኛ የሚቀበል፣ ከጠዋት እስከ ማታ ከሱቁ የማይጠፋ ሰው ይፈልጋል። ሰሞኑን ግማሽ ቀን ልሥራልህ ብዬው «ግማሽ ሰው አልቀጥርም» ብሎ መልሶኝ ነበር። ደብዳቤሽን ባነበብኩ በማግስቱ ተመልሼ ሄድኩ። ሁለት ሴቶች ብንሆንስ አልኩት፣ አንዷ ጠዋት፣ አንዷ ከሰዓት፤ ሱቅህ አንድ ደቂቃ ባዶ አይሆንም። ጺሙን እያሻሸ «የሁለት ሰው ስፌት ይለያያል፣ ደንበኛ ያስተውላል» አለ። መርፌ ያስያዘችኝ ታላቅ እህቴ ናት፣ አንድ ሱሪ ግራና ቀኙን ብንሰፋው ማን የቱን እንደሰፋ አትለይም አልኩት። «ትስማማላችሁ?» አለኝ። አንስማማም፣ ግን አንገናኝም፤ እኔ ስወጣ እሷ ትገባለች አልኩት። ሳቀ። ከሰኞ ጀምሩ አለኝ።

እንደ ፋብሪካው አይከፍልም። የሁለታችንም የድሮ ደሞዝ አይሆንም። ግን ኪራዩ ይከፈላል፣ ከመንገዱ ማዶ ሆኜ መስኮቴ ይታየኛል፣ ልጄም ከቤቷ አትወጣም። የምትመጪው አንቺ ነሽ። ቀለም ያስቀባሽውን ክፍል አከራይው፤ ያሠራሽውን አልጋ ሾፌሩ ጣሪያ ላይ ይጭነዋል፣ ተነጋግረናል። ዝቅ ያለው ነው የሚሻለው። ጄሶው ከእሷ ከራሷ ይከብዳል፤ ስታገላብጫት አንድ እጅሽን ከዳሌዋ ሥር፣ አንዱን ከጀርባዋ አድርጊ እንጂ በብብቷ አታንሺያት።

ተናድጄብሻለሁ። ከአውቶብሱ ስትወርጂም ፊቴን አጥቁሬ ነው የምቀበልሽ፣ እንዳትታዘቢኝ። ስለ ጡረታሽ ይቅር የምልሽ መቼ እንደሆነ አላውቅም፤ ምናልባት በፍጹም። ይኼን ግን አስቤበት ነው የምጽፍልሽ። ሱቁን ጠዋት ጠዋት እኔ እይዛለሁ። አለቃ ስትነቃ ማንንም አታስቀርብም፤ ትቆጣለች፣ ትራሷን ትወረውራለች፣ ከዚያ ያየችውን ሕልም ከመጀመሪያው ጀምራ ትናገራለች። ለማንም አልሰጥም ስልሽ የነበረው ልጅቷን አልነበረም፣ ይኼን ሰዓት ነው። ከሰኞ ጀምሮ ያንቺ ነው።

እህትሽ